ጽጌ ከክፍሌ የወጣች ዕለት

ጎባ፣ መስከረም 13 ቀን 1963 ዓ.ም.

ልጄ ጽጌ ዛሬ የግል ትምህርት ቤት ጀመረች። አባቷ «የመንግሥት ጸሐፊ ልጅ ከገበሬ ልጆች ጋር እስከ መቼ ትማራለች?» እያለ ክረምቱን ሙሉ ሲጨቀጭቀኝ ስለከረመ ተሸነፍኩለት። የዳኛውም የነጋዴዎቹም ልጆች እዚያው ገብተዋል። እኔ በማስተምርበት በመንግሥት ትምህርት ቤት የቀሩት አማርኛን ከእኔ አፍ የሚለምዱት የገበሬ ልጆች ብቻ ናቸው።

ጠዋት ተማሪዬ መዲና ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ አይታ፣ «እትዬ፣ ጽጌ አሟት ነው?» አለችኝ።

«የለም፣ ትምህርት ቤት ቀየረች።»

«ለምን? አባቴ እኮ ከገሰራ አምጥቶ አክስቴ ቤት ያስቀመጠኝ እርስዎ ጎበዝ አስተማሪ ስለሆኑ ነው።»

«መጽሐፍሽን ግለጪ» አልኳት። ቀኑን ሙሉ ወደ እሷ ሳላይ አስተማርኩ። ነገም እንዲሁ የማደርግ ይመስለኛል።