የእድራችን ድስቶች ፓርቲ የገቡበት ሳምንት

ሰኞ

ቀብተዋቸዋል። ድስቶቹን! ውጫቸውን፣ ክዳናቸውን፣ ጆሯቸውን፣ ጭልፋውን ሳይቀር ትናንት ሰማያዊ ቀለም ለቅልቀው ዛሬ ጠዋት መለሱልኝ። በየድስቱ ሆድ ላይ ደግሞ በነጭ «አንድ ድስት፣ አንድ ሕዝብ» ተብሎ ተጽፏል። እሳት ላይ የሚጣድ ነገር ቀለም የሚቀባ ፓርቲ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። አባሉ ነኝ፤ ግን አይቼ አላውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። (ለማን እንደምጽፈው እንጃ። ይህን ደብተር የምታነበው ሚስቴ አልማዝ ብቻ ናት፤ እሷም በስርቆት ነው።) እድራችን ጎን ለጎን ሁለት ዕቃ ቤት አለው። ባንደኛው የክርስቲያኑ ድስት ይቀመጣል፤ ጆሮው ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። በሌላኛው የሙስሊሙ ድስት ይቀመጣል፤ ጆሮው ላይ አረንጓዴ ምልክት አለው፤ ቁልፉ ሐጂ ዩሱፍ ዘንድ ነው። ሰርግም ይሁን ለቅሶ ሁለቱም ይወጣሉ። ሁለት ቦታ ጉልቻ ይጎለታል። ሁሉም የየራሱን ሥጋ ይበላና አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጦ በጋራ ሰው ያማል። እኛ ሰፈር መቻቻል ማለት ይኸው ነው፤ ሥልጠና ወስደንበት አናውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ፓርቲያችን «የአንድነት ማዕድ» የሚባል ግብዣ ነበረው። የቀበሌያችን አስተባባሪ ናሆም ዋዜማውን መጣና «ጋሽ በቀለ፣ እርስዎ ነባር አባል ነዎት፤ ወንበርና አግዳሚ ብቻ ያውሱን» አለኝ። ወንበሩ በእኔ በኩል ነው፣ አግዳሚው በሐጂ በኩል። ሐጂ ሱቅ ሄጄ «ቁልፍህን ስጠኝ፣ ለአግዳሚ ነው» አልኩት። ለምን፣ ለማን፣ አላለም። ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ሁለቱንም ቁልፍ ለናሆም አስረከብኩና ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ሰዓቱ የምሳ እንቅልፍ ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ላይ ዓይኑን የሚገልጥ ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ካድሬ።

ድስቶቹንም አውጥተው እንደሠሩባቸው ሳላውቅ ማዕዱ ላይም ተገኝቼ በላሁ። ጣፍጦኝ ደግሜያለሁ። የሁለቱም ወገን ሥጋ ነበር፤ የቱ በየትኛው ድስት እንደተሠራ ግን ምልክቱ የማይገባቸው የፓርቲው አብሳዮችም አያውቁም። አንድነቱን በተመለከተ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ተዋህዷል።

ማክሰኞ

ለሐጂ ልነግረው ስሄድ በመንገድ ላይ ያዘጋጀኋቸው ውሸቶች፦
ሌባ ገባ። (ሌባ ይሰርቃል እንጂ አይቀባም።)
ድሮም ሰማያዊ ነበሩ። (ሐጂ ዓይኑ ይሠራል።)
ናሆም አታለለኝ። (ይህኛው እውነት ነው፤ ስለዚህ ማንም አያምነኝም።)

እውነቱን ነገርኩት። ስኳር እየመዘነ ነበር። ሚዛኑን ለቀቀው።

«ወሪያ በቀለ! ለአግዳሚ አላልከኝም?»

«ለአግዳሚ ነበር።»

«አግዳሚ ላይ ነው እንዴ ወጥ የሚሠራው?»

«ይታጠባል፣ ሐጂ» አልኩት። መጥፎ መልስ ነበር።

«አቦ፣ ድስቱማ ይታጠባል። ውሃ መች ጠፋ። አንተን በምን እንጠብህ?»

የመለስኩለትን ቁልፍ ሸሚዙን ገልጦ ከውስጥ ኪሱ ከተተው። «ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ ይህን ቁልፍ በእጅህ አታየውም» አለኝ። አብረን ባቡር ላይ ሠርተናል፣ እሱ ትኬት ቆራጭ፣ እኔ የፍሬን ሠራተኛ። ጡረታም አብረን ወጥተናል። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሮኝ አያውቅም።

ያን ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ እናቱ ተጣሩ። እማማ ሐሊማ አልጋ ከያዙ ሰነበቱ። እድሩ ሲመሠረት ቀዩንም አረንጓዴውንም ምልክት በገዛ እጃቸው የቀቡት እሳቸው ናቸው።

«ዩሱፍ፣ ማነው?»

«በቀለ ነው፣ እማማ።»

«ድስቶቹን አስገባ?»

ሐጂ አየኝ። «አስገብቷል፣ እማማ። ሁሉም ደህና ነው» አላቸው።

ለእኔ ብሎ አይደለም የዋሸው። ያም ሆኖ ስድብ ቢጨምርልኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። «ሳታውቅ ነው የበላኸው» አሉኝ። «መድገሜንስ?» ብላቸው «እሱ ሆዳምነት ነው፤ ስገድ» አሉኝ። ወገቤ እስካሁን ያመኛል።

ከሰዓት የህዋስ ስብሰባ ነበር። እጄን አወጣሁ። ከአሥር ስብሰባ በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ቆሜ እንዲህ አልኩ፦ «እኔ ወግ አጥባቂ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ፍሬን ስይዝ ነው። ባቡር የሚሄደው በሞተሩ ቢሆንም ሰው ከነነፍሱ የሚደርሰው በፍሬኑ ነው። ይህ ሰፈር ሳይጣላ የኖረው ድስቱ አንድ ሆኖ አይደለም፤ ድስቱ ሁለት ሆኖ አንዱ የሌላውን ስለጠበቀለት ነው። ልዩነታችንን የምናከብርበትን ዕቃ ቀብታችሁ አንድነት አላችሁት።»

ሲጨበጨብልኝ በዓይነ ሕሊናዬ ታየኝ። የተጨበጨበው ግን ለናሆም ነው።

«ጋሽ በቀለ ያነሱት ሐሳብ እንደ ሐሳብ ጥሩ ነው» ብሎ ጀመረ። (እንዲህ ተብሎ የተጀመረ ነገር መጨረሻው አያምርም።) «ሆኖም ግን በአሮጌ አስተሳሰብ የመታጠር ዝንባሌ ይታይበታል። ግለ ሂስ ቢያደርጉበት መልካም ነው።»

ግለ ሂስ! በተቀባው ድስት እኔ!

ቤት ገብቼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ሦስት የአባልነት ካርድ አለኝ። ፓርቲው ስሙን በለወጠ ቁጥር አዲስ ካርድ ይሰጡኛል፤ ፎቶዬ ግን ያው የድሮው ነው፤ ፀጉር ያለኝ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። እኔ ግን በየጊዜው «አሁንስ ይጣፍጥ ይሆናል» እያልኩ አጨብጭቤአለሁ። ለምን? ሥርዓት ስለምወድ። ፓርቲ ማለት ሥርዓት ይመስለኝ ነበር። ለካስ የምወደው ሥርዓት እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ኖሯል፤ ቁልፉን ደግሞ አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሐሙስ

እማማ ሐሊማ ሌሊቱን አረፉ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ቀብሩ ከቀትር ሶላት በኋላ እንዲሆን ተነገረ። ከቀብር መልስ ሰው መብላት አለበት። እድሩ የተፈጠረው ለዚሁ ቀን ነው፤ እኛ ደግሞ በእጃችን ያለው ሰማያዊ ድስት ነው። የሙስሊሞቹ ሴቶች አዩትና አይነኩትም አሉ። የክርስቲያኖቹም ሴቶች አይነኩትም አሉ። ናሆም የፈለገው አንድነት ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ።

አንዱ ከሌላ ሰፈር እንዋስ አለ። በድስቶቻችን ላይ ምልክቱን የቀቡትን ሴት በሰው ድስት ልንሸኝ!

አልማዝ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ቀለም ይፋቃል» አለች። «ደቻቱ ወንዝ ላይ ምን ሞልቷል? አሸዋ!»

ድስቶቹን በጋሪ ጭነን ወረድን። ወንዙ ደርቋል፤ ከድልድዩ ሥር ጥላ ነበር። የሁለቱም ወገን ሴቶች ባንድ ረድፍ፣ እኛ ጡረተኞቹ በሌላ ረድፍ ተንበርክከን አሸዋና ሳሙና ይዘን መፋቅ ጀመርን። ጥፍሬ ተላጠ። ለእያንዳንዱ ፍቅታ አንድ አንድ እርግማን አወጣሁ፤ ለእማማ ክብር ስል ግን በሆዴ።

በመካከሉ ናሆም መጣ። ሱፍ ለብሷል፣ የፓርቲውን የሐዘን መግለጫ በእጁ ይዟል። «ጋሽ በቀለ፣ የማዕዱ መታሰቢያ እኮ ነበር...» ብሎ ሲጀምር አልማዝ ትልቁን ድስት እግሩ ሥር አስቀመጠችለት።

«ናሆምዬ፣ የቀባ እጅ ይፍቃል።»

«እኔ እኮ ቀቢውን አዘዝኩ እንጂ...»

«እንግዲያው ፋቂውን እዘዝ። ከሌለ ተንበርከክ።»

ዞር ዞር ብሎ አየ። የሚታዘዝለት አልነበረም። መግለጫውን ድንጋይ ጫነበት፣ ኮቱን አወለቀና ተንበረከከ። ደህና አድርጎ ይፍቃል፤ ይህን መካድ አልችልም።

የአንዱን ድስት ጆሮ ስፍቅ ስፍቅ ሰማያዊው ሥር አረንጓዴ ብቅ አለ። የእማማ አረንጓዴ። ጣታቸው የተንሸራተተበት ቦታ ሳይቀር አለ። አጠገቤ የነበረችው የሰፈራችን ሴት «ያ ራቢ!» ብላ አለቀሰች። እኔ አሸዋ ዓይኔ ገብቶ ነው።

ድስቶቹ ሰባት ጊዜ ታጥበው በየምልክታቸው ተለዩ። ምሳ ደረሰ። ሐጂ ከቀብር ሲመለስ ድስቶቹን አየ፤ አረንጓዴውን ጆሮ በእጁ ዳሰሰው። እኔን አላየኝም፤ ወይም አይቶ ዝም አለኝ።

ዓርብ

ከፓርቲው ልወጣ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ናሆም እጁ ላይ ፕላስተር ለጥፏል። መሳቢያውን ሁሉ በረበረ።

«የመግቢያ ቅጽ ነው ያለን ጋሽ በቀለ። የመውጫ ቅጽ አልተዘጋጀም።»

«በባዶ ወረቀት ልጻፍ።»

«ምክንያት በሚለው ላይ ምን እንበል? ድስት ብለን መዝገብ ላይ ማስፈር ይከብዳል።»

«እምነት ማጉደል በል።»

«የማን?»

«የእኔ። ለእናንተ ታማኝ ሆኜ ለጎረቤቴ አጎደልኩ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሦስቱን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ተውኩለት። ፎቶዎቹን ግን ላጥኩ፤ ያ ፀጉር የግሌ ነው።

ወሬ በድሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ቤት ስደርስ የተቃዋሚው ፓርቲ ሰው መምህር ግርማ ደጃፌ ላይ ቆሟል። «እንኳን ወደ እውነት መጡ!» ብሎ ትከሻዬን ሳመኝ። የእሱ ፓርቲ ነባሩን እሴት እንደሚያከብር፣ እንደ እኔ ዓይነት ሽማግሌ እንደሚፈልግ አብራራልኝ። ግማሹን ማመን ጀምሬ ነበር። ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለእሁድ ስብሰባችን የእድሩን ድንኳን ቢያውሱን...»

በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት። ገዢና ተቃዋሚ የሚስማሙበት ብቸኛ አጀንዳ የእድራችን ዕቃ ነው! ምን ዓይነት አገር ነው? አልማዝ «ግፊትህ ይነሳል፣ ተቀመጥ» አለችኝ። ቆሜ ነው የጻፍኩት።

እሁድ

ከቅዳሴ መልስ የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። የሐጂ ቤት ሦስተኛ ቀን ትናንት አልፏል፤ እሱም መጥቶ ከፊት ተቀምጧል። ሌሊቱን በአእምሮዬ ያዘጋጀሁትን ንግግር ትቼ ተነሳሁ፤ ንግግር በዚህ ሳምንት ጠቅሞኝ አያውቅም። «የተሰጠኝን አደራ አጉድያለሁ። ቁልፉ ይኸው» ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ሐጂ ተነስቶ ቁልፌን አነሳና ኪሱ ከተተው። አለቀ አልኩ በልቤ። ባቡሩም ሄደ፣ ፓርቲውም ሄደ፣ አሁን ደግሞ ይህ።

ከዚያ ሸሚዙን ገለጠ፤ ከውስጥ ኪሱ የራሱን ቁልፍ አወጣና እጄ ላይ አኖረው።

«ከዛሬ ጀምሮ የእኛን ድስት አንተ ጠብቅ። የእናንተን እኔ እጠብቃለሁ።»

«ሐጂ፣ በእጅህ አታየውም ብለህ ምለህ አልነበር?»

«ለመሐላው ሦስት ቀን እጾማለሁ። እሱም ባንተ ሒሳብ ይጻፍልህ፣ ጀዝባ።» ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። «ደስ አይበልህ። ይቅርታ አይደለም። የራስህን ዕቃ ለካድሬ ታውሳለህ፤ አይተንሃል። የእኛን ለማዋስ ግን ከእንግዲህ ስትነሳ እናቴ ትታይሃለች።»

ለውጥ አልወድም፤ መቼም ወድጄ አላውቅም። ይህኛውን ግን እጄን ዘግቼ ተቀበልኩ።

አሁን አሥር ሰዓት ነው። ቁልፉ በአንገቴ ላይ፣ ከማዕተቤ ጎን ተንጠልጥሏል። አልማዝ «እዚያ ይሆናል እንዴ?» አለችኝ። እንጃ፤ የነፍስ አባቴን እጠይቃለሁ። እስከዚያው አላወልቀውም።

ሐጂ ሲወጣ ሰላም አላለኝም። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ሳይዞር «ነገ ሱቅ ና። የዕቃ ቤታችን በር ማጠፊያው ዝጓል፤ ዘይት እሰጥሃለሁ» አለኝ።