መልስ የሚጠብቀው ማሽንና እትዬ ካቻቪቴ

እትዬ ካቻቪቴ በ1961 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ የስፌት መኪናው ግማሹን በያዘባት ጠባብ ቤት ተወለዱ። ካቻቪቴ የመዝገብ ስማቸው አይደለም፤ ግን እዚህ ያለን ሁላችን በሌላ ስም ጠርተናቸው አናውቅም፣ እኔም ዛሬ አልጀምርም! ስሙ የወጣላቸው በልጅነታቸው ነው። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሱሪውን እየጠበቀ፣ የአባታቸውን የስፌት መኪና በካቻቪቴ ፈታትተው ገጠሙት። መኪናው ሠራ፤ አንዲት ቡሎን ግን እጃቸው ላይ ተረፈች። አባትየው «ተዪው፣ ይሠራል እኮ!» ቢሏቸው «ለአሁን ነዋ የሚሠራው፣ ነገስ?» ብለው እንደገና ፈቱት። እትዬ ማለት በቃ እንዲህ ናቸው።

በ1984 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቀው፣ የሕክምና መሣሪያ በሚያስመጣ ድርጅት ጥገና ክፍል ገቡ። ባለቤታቸውን ጋሼን ያገኟቸው እዚያው ነው። ጋሼ ይሸጣሉ፣ እትዬ ይጠግናሉ። «አንተ በአፍህ የሸጥከውን እኔ በእጄ አሠራዋለሁ» እያሏቸው ሲቀልዱ ሲቀልዱ በ1988 ዓ.ም. ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም፤ ግን የታናሽ እህታቸውን ልጅ፣ ማለትም እኔን፣ ገና ዳዴ ስል ወስደው አሳደጉኝ።

በ2008 ዓ.ም. እትዬ አንድ ሆስፒታል ሌላ ዕቃ እየጠገኑ፣ አጠገባቸው ያለው የመተንፈሻ ማሽን በጠራራ ፀሐይ ራሱን አጠፋ። ሰው እየተነፈሰበት እኮ ነው! ለካ ከሩቅ አዲስ ሶፍትዌር ተልኮለት አፕዴት ሊያደርግ ነው። ማሽኑ ነርሷን «ልቀጥል?» ብሎ ጠይቋት ነበር፤ እሷ ሌላ በሽተኛ ይዛ ስላልመለሰች፣ ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ቆጠረው። ሮጣ መጥታ፣ ማሽኑ እስኪነሳ ድረስ ሰውየውን በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት አስተነፈሰችው። ተረፈ። እትዬ ግን ቤት እንደገቡ ማሽኑን ላስመጣው ድርጅታቸው አቤቱታ ጻፉ።

ድርጅታቸው «እንደዛ እንዲሠራ ነው የተሠራው» አላቸው። መንግሥት ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ደንብ ሊያወጣ፣ ውስጣቸውን የሚያውቅ ሰው ይፈልግ ነበር። እትዬ በ2010 ዓ.ም. ድርጅቱን ለቀው ደንቡን የሚያወጣው መሥሪያ ቤት የቴክኒክ ባለሙያ ሆኑ። ጋሼ እዚያው ድርጅት ቀሩ፤ ብሎም ድርጅቱን ወክለው በደንቡ ላይ እንዲከራከሩ ተመደቡ። አያችሁልኝ? አንድ ቤት፣ አንድ ደንብ፣ ሁለት ጎን! እትዬ ነገሩን ቀድመው ለደንቡ ኮሚቴ ሰብሳቢ ተናገሩ። ሰብሳቢውም «ቤታችሁ ስለሱ እንዳታወሩ» ብለው አለፏቸው። ስለዚህ ቤታችን ሕግ ወጣ፦ ሥራ ያነሳ ሳህን ያጥባል።

በ2012 ዓ.ም. ደንቡ የሚወሰንበት ቀን ደረሰ። ያን ቀን እትዬ ጋሼንም፣ ሰብሳቢውንም፣ ራሳቸውንም እየሆኑ ስንት ጊዜ ሠርተው አሳይተውኛል! በዚያ መሥሪያ ቤት ወሳኞቹና የድርጅት ተወካዮች ጠረጴዛውን ይከብባሉ፤ ባለሙያ ግን ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ካልተጠየቀ አይናገርም። ጋሼ ጠረጴዛው ጋ፣ እትዬ ግድግዳው ጋ። ጋሼ «ማሽኑ ቶሎ ካልታደሰ የኮምፒውተር ሰርጎ ገብ ይገባበታል። ነርስ መልስ እስክትሰጥ ስንጠብቅ ዋርዱ ሙሉ ሊጠፋብን ነው? ዝም ካለች ተስማምታለች እንበል» አሉ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ሰብሳቢው እስክሪብቶ አነሱ። እትዬን የጠየቃቸው የለም!

ወንበራቸውን ወለሉ ላይ ጎተቱት። ሲጢጥ! ሁሉም ዞረ።

«ባለሙያዋ፣ የሚሉት አለ?» አሉ ሰብሳቢው።

«አለ። ስለ ሰርጎ ገቡ የተባለው እውነት ነው። ስለዚህ ማሽኑ ይጠይቅ፣ ደጋግሞ ይጠይቅ፤ እስኪመለስለትም ከኔትወርክ ይቆረጥ። ግን ነርስ ዝም የምትለው ስለተስማማች አይደለም። እጇ ሰው ላይ ስላለ ነው።»

ሰብሳቢው ወደ ጋሼ ዞረው «እርስዎስ?» አሏቸው። ጋሼ ሚስታቸውን ሳያዩ «የድርጅቴ አቋም ያው ነው» አሉ። ደንቡ እትዬ እንዳሉት ጸደቀ። ጋሼም ክርክሩን በመሸነፋቸው ብዙ ሳይቆዩ ሥራቸውን አጡ።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ቤታችንን አታንሱብኝ! ጋሼ አይቆጡም፣ አይሳደቡም፤ ግን ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በእኔ በኩል ነበር። ሥራ የሚያነሳ ስለጠፋ ሳህኑም ባለቤት አጣ፤ እኔው አጠብኩት፣ ዓመታት ሙሉ።

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ እትዬ ሳንባቸውን ታመሙ። መስከረም ላይ ሆስፒታል ተኝተው ጭምብል ያለው የመተንፈሻ ማሽን ተገጠመላቸው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ጋሼ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ተቀምጠን፣ የጎናችን በሽተኛ ድንገት ልቡ ቆመ። ነርሷ ወደዚያ በረረች። የእትዬ ስክሪን ያኔ ቢጫ ሆነ፦ «አዲስ ሶፍትዌር ደርሷል። በሽተኛ ተገጥሟል። ልቀጥል?»

እኛ ማሽኑን መንካት አይፈቀድልንም። ነርሷ ጀርባዋን ሰጥታን የሰው ደረት እየተጫነች ነው። ስክሪኑ እንደገና ጠየቀ። ጋሼ የአልጋውን ብረት ጨበጡ። ደግሞ ጠየቀ። የእትዬ ደረት ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፤ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ነው። እኔ መተንፈስ ረስቻለሁ፣ ማሽኑ ግን አልረሳም፤ እየጠየቀ ያስተነፍሳቸዋል፣ ያስተነፍሳቸዋል። ነርሷ ላብ በላብ ሆና ተመልሳ «ቆይ እንጂ አንተ ደግሞ!» ብላ «አይ» የሚለውን ነካችው። የጎናችን ሰውዬም ነቅቷል።

በማግስቱ ጭምብሉ ለጥቂት ጊዜ ሲነሳላቸው፣ ጋሼ ጎንበስ ብለው «ካቻቪቴ፣ አየሽው? ጠበቀ እኮ» አሏቸው።

እትዬ ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኖ «ሥራ አነሳህ» አሉ። «ሳህን!»

ጋሼ ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከዚያ ፊታቸውን ፍራሹ ላይ ደፉት። እትዬ እጃቸውን የጋሼ ፀጉር ውስጥ ከተቱ፤ ብዙ ቆዩ እንደዛ።

እትዬ ካቻቪቴ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው፣ ጋሼ እጃቸውን እንደያዙ አረፉ። ባለቤታቸው ጋሼ፣ ታናሽ እህታቸው እናቴና እኔ ልጃቸው ቀርተናል። እዚያ ዋርድ ያላችሁ ነርሶች፣ እጃችሁ ይባረክ።

ትናንት ቤት የመጣው ሰው ሁሉ የበላበትን ሳህን ጋሼ ብቻቸውን ቆመው አጠቡ። «ጋሼ ይተዉ፣ እኛ አለን» ስንላቸው «ተራዬ ነው» አሉ።

ፈጣሪ የእትዬን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለጋሼ ብርታት፣ ለሁላችንም ትንፋሽ ይስጠን። አሜን።