በግቢያችን የሚያልፈው መንገድ

ለምወድህ ወንድሜ ለፀጋው፤

እንደምን ከረምክ ወንድምዓለም? ያ ጉልበትህስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል? ቤተሰብህስ፣ ሰብለወርቅስ? አምሀስ? የድሬዳዋ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ከሙቀቱ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም ከልጅነቴ ጀምሮ ስለማውቀው አልቀየመውም።

በስልክ ብነግርህ ሳታስጨርሰኝ ትቆጣለህ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ከባቡር ሥራህ ጡረታ ስትወጣ እንድትኖርበት በቤቱ ጎን ባለው ክፍት ቦታ ላይ አሠሪልኝ ያልከኝ ክፍል አልተሠራም። ምክንያቱን ልንገርህ።

ጅቡቲ መሃል ከተማ፣ ካርቲየ 4 ሰፈር ሳለን በየትኛውም ቅያስ ብትገባ አንዱ ጎዳና ላይ ያወጣህ ነበር። እዚህ ባልባላ ግን ሰው የሚያስበው ቤቱን እንጂ መንገዱን አይደለም። ይህን ቦታ ስንይዝ ከኋላችን ድንጋይና ፍየል ብቻ ነበር። ዛሬ ዳገቱ እስከ ጫፉ ቤት ሆኗል፤ አንዱ በሌላው ላይ ግድግዳውን እያስጠጋ መውጫውን ሁሉ ዘጋው። ከኋላ ያለ ሰው ወደ አስፋልቱ ለመውረድ ወይ ደረቁን ወንዝ ይዞራል፣ ወይ በእኛ ክፍት ቦታ ያልፋል።

መጀመሪያ ያንኳኳችው ጎረቤቴ ፋኢዛ ናት። ዓይነ ስውር አባቷን፣ አባ ሀምዱን፣ በዚህ በኩል ወደ መስጊድ ላሳልፍ ብላ ለመነችኝ። እንዴት እምቢ ይባላል? ከእሷ በኋላ ተማሪው፣ ጀሪካን ተሸካሚው፣ ጫት ሻጯ ሁሉ ተከተለ። ወጤ ጨው እንደበዛበት ከሽታው አውቆ ነግሮኝ ያለፈም አለ። አንተ ዕድሜህን የፈጀህበት ጣቢያ እንኳ እንዲህ ያለ ወጪ ወራጅ አልነበረውም። መሰልቸቴን አልደብቅህም።

ስለዚህ ቃልህን ልፈጽም ብዬ ግንበኛውን ደምመላሽን ጠራሁና መሠረቱን ቆፈረ። በማግስቱ አባ ሀምዱ መጡ፤ መንገዱን ስለለመዱት ብቻቸውን ነው የሚያልፉት። በትራቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ወዲያ ወዲህ ከዳሰሱ በኋላ ቤት ልሠራ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው አላህ ያስጨርስሽ ብለው መርቀውኝ ተመለሱ። በዚያ ፀሐይ የወንዙን ዳር በበትራቸው እየፈለጉ ሲዞሩ አየኋቸውና አንጀቴን በሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሮጬ ደርሼ እጃቸውን ይዤ መለስኳቸው። ጉድጓዱንም ደምመላሽ እያጉረመረመ ደፈነው።

የደፈንኩት ያንተን ክፍል መሆኑን አውቃለሁ፤ እንዳይከፋህም እፈራለሁ። ብቻ አትቅርብኝ። የእኔን መኝታ ቤት ትይዛለህ፣ ለእኔ ሳሎኑ ይበቃኛል። ከተቆጣህም እዚሁ መጥተህ ተቆጣኝ።

ሰብለወርቅን በእኔ ስም ሳምልኝ፤ አምሀን አክስትህ ቁመትህን ማየት ትፈልጋለች በለው። ፋኢዛ ሰላም ብላሃለች። አባ ሀምዱም ክፍሉ ለማን እንደነበር ከሰሙ ወዲህ፣ ባለፉ ቁጥር ቆም ብለው ወንድምሽ መጣ ወይ ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

እህትህ ፅዮናዊት
ጅቡቲ፣ ባልባላ
ግንቦት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.