በፖስታ ሳጥኔ ላይ ስለተለጠፉት አራት ስሞች

ለተከበሩ የመኪና ኢንሹራንስ ድርጅት የደንበኞች ነጥብ ክፍል ኃላፊ
ቢየርቪካ፣ ኦስሎ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ያ ሁሉን አዋቂ ኮምፒውተርዎ ደኅና ነው? እኔ የእርስዎ ነጥብ ሳይጨመርበት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር የምኖር፣ በሽተኞችን በየቤታቸው እየዞርኩ የምረዳ ነርስ ነኝ፤ ያለ መኪና ሥራዬ አይሠራም። አሥራ አንድ ዓመት ስነዳ የሰው መኪና ጭሬ አላውቅም። ሆኖም ዕዳን በጊዜው መክፈሌ የሚለካበት የብድር ነጥቤ ዝቅ ስላለ የኢንሹራንስ ክፍያዬ እጥፍ መሆኑን በደብዳቤ ስላበሠሩኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ስደውል ማርያ የተባለች ትሑት ሠራተኛዎ ጥፋቱ የአድራሻዬ መሆኑን ነገረችኝ። በአድራሻዬ ሌሎች አራት ሰዎች ተመዝግበዋል፤ ፖስተኛው ደብዳቤያቸውን እንዲያደርስላቸው ስማቸው በፖስታ ሳጥኔ ላይ ተለጥፏል። አንደኛው የስልክ ክፍያ ቀን አሳልፎ ስለነበር የእኔን ነጥብ ይዞት ወረደ። እኛ ዘንድ አዲስ የመጣ ሰው ቤት እስኪያገኝ ደብዳቤው በወገኑ ቤት ይመጣለታል። ይህ ነውር መሆኑን እስከ ዛሬ የነገረኝ አልነበረም።

፪. ስሞቹን ባስነሣ ነጥቤ እንደሚሻሻል ስለመከሩኝም እጅ ነሥቻለሁ። አንዷ ተናኜ ናት፤ ለትምህርት መጥታ የመኖሪያ ፈቃዷን በዚያ ሳጥን የምትጠብቅ ልጅ። እሷን ፍቄ ርካሽ ኢንሹራንስ ልግዛ? ኧረ እግዜር ይይልዎት!

፫. ኢንሹራንሶችን ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አቤት ብል፣ የነጥቡ ስሌት የድርጅቱ ምስጢር ነውና እነሱን ጠይቂ አሉኝ። እናንተ ደግሞ ደንቡ የፈቀደልንን ነው የሠራነው፣ ተቆጣጣሪውን ጠይቂ አላችሁኝ። መመላለሱ ለጤና ጥሩ ነው፤ በተለይ መኪናውን ለሚያቆም ሰው።

ስሞቹ አይነሡም። ከሰኞ ጀምሮ በሽተኞቼ ዘንድ የምደርሰው በአውቶቡስ ነው፤ ሲዘገይ ለምን እንደዘገየሁ የእርስዎን ስም እየጠራሁ እነግራቸዋለሁ።

ሰው ሳያዩ ሰው ለሚመዝኑት ክቡርነትዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የሺእመቤት ግዛው
ከአደገኛው አድራሻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የስልክ ክፍያውን ያሳለፈው ሰው ይመር ይባላል፤ ስሜን ጻፊው ስላለኝ ጻፍኩት። ቢሮዎን በየማለዳው የሚያጸዳው እሱ ነው። የሕንፃውን ቁልፍ ከሰጣችሁት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ያን ዕለት ነጥቡን የጠየቀው ሰው አልነበረም።