የማድቤቱ አምላክ ይናገር

ሄናን፣ ዌይ መንደር
በአሥራ ሁለተኛው ጨረቃ፣ ሃያ አራተኛው ቀን

ለሲዩ አባት፣

ጤናህን አልጠይቅም፤ ለሥራ በሄድክበት ጓንግዡ ከተማ የምትንከባከብህ ሴት እንዳለች መንደሩ ከአዝመራ ጊዜ ጀምሮ ሰምቷል። የእኔን ስልክ ስለማታነሳ ይኸው ጻፍኩልህ።

የእናትህን ግን ታነሳለህ። ዓይንህን በጨው ታጥበህ፣ “ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ፤ ሹላን ዘመድ ፊት ምንም እንዳልተፈጠረ ትሁን” ብለሃቸዋል። ደሜ ፈላ! አንተ ታጠፋለህ፣ እኔ ልሸፍን?

ትናንት የማድቤቱ አምላክ ምስሉ ተቃጥሎ ወደ ሰማይ የሚሸኝበት ቀን ነበር። እናትህ እንደ ልማዳቸው ከረሜላ አቅልጠው፣ “በይ አፉን ቀቢው፤ ተጣብቆ ይቅር፤ የቤታችንን ጉድ ለሰማይ ንጉሥ እንዳያወራ” አሉኝ። ከምድጃው በላይ የተለጠፈውን ምስሉን ትኩር ብዬ አየሁት። ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ማነው? ሰው ሳለ ደህና ሚስቱን ጥሎ ከሌላ ጋር የሄደ! ሀብቱ አልቆ፣ ዓይኑ ጠፍቶ ሲለምን ሳያውቅ የጣላት ሚስቱ ደጅ ደረሰ። አበላችው። እሷ መሆኗን ሲያውቅ አፍሮ የሚነደው ምድጃ ውስጥ ገባ። ስላፈረ አምላክ አደረጉት! ለእሷስ ማን ከረሜላ አቀለጠላት?

“አልቀባም፤ ይናገር!” አልኳቸው።

“አንቺ ልጅ፣ አብደሻል እንዴ? ገበናችንን!”

“ገበናው የእኔ አይደለም፣ እማማ። የልጅዎ ነው።”

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ከረሜላውን በማንኪያ ዝቀው ራሳቸው ጎረሱት፤ በዚያ ጥርሳቸው! እያኘኩም፣ “የአባቱንም ጉድ ለመሸፈን ስቀባ ኖሬያለሁ፤ ምን ጠቀመኝ? አቃጥይው፤ ሄዶ ይናገር” አሉኝ። እኔም ምስሉን አፉን ሳልቀባ አቃጠልኩት።

ስለዚህ አልዋሽልህም። ዘመድ ከጠየቀኝ እውነቱን እናገራለሁ። ከጎረቤት ከምትሰማ ከእኔ ትስማ ብዬ ዛሬ ጠዋት ለልጃችን ለሲዩም ነገርኳት። አላለቀሰችም። መጪው ዓመት በተወለድክበት እንስሳ ስም የሚጠራ ስለሆነ፣ ክፉ እንዳያገኝህ ባለፈው ገበያ የገዛሁልህን ቀይ ካልሲ ከሣጥን አውጥታ፣ “እማ፣ ይሄንንስ ለማን እንስጠው?” አለችኝ።

ጉድህን እያወቅኩ ካልሲ ስለገዛሁልህ በራሴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ከመጣህ አንተው መልስላት።

እናትህ መርቀውሃል። እኔም ብርድ አይንካህ ብያለሁ፤ ከዚህ በላይ ምርቃት ከአፌ አልወጣ አለኝ።

እስከ ዛሬ ሚስትህ፣
ሹላን