እኩል ገብተን እኔ የወደቅኩበት ሩጫ

ለክቡር ሻለቃ
የክፍላችን አዛዥና የአካል ብቃት ፈተና ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ፈተናውን በማለፍዎ እንኳን ደስ ያለዎት ስለማለት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ ትንፋሽዎ፣ በተለይም ያ በየማለዳው ሲያስቸግረን የነበረው የቀኝ ጉልበትዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የንብረት ክፍሉ አስር አለቃ ከመውደቄ በስተቀር እጅግ ደኅና ነኝ። ይህን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ እንጂ ለድፍረት አይደለም።

1. ከአራት ወር በፊት ሦስት ኪሎ ሜትሩን በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ጨርሰው ሣሩ ላይ እንደተዘረሩ፣ «ወንድሜ፣ ከዚህ ጉድ አውጣኝ፤ ከወደቅኩ ወንበሬ ሄደ» ብለው ከሰው ሁሉ እኔን ስለመረጡ አመሰግናለሁ። አራት መቶ ሜትሩን ስምንት ስምንት ጊዜ እየደጋገምን፣ በየመሀሉ ሁለት ደቂቃ እያሳረፍኩዎ፣ የመጀመሪያውን ዙር ውሻ እንዳባረረው ሰው እንዳይፈተለኩ ቀበቶዎን ከኋላ ይዤ፣ ሰዓትዎን ሰከንድ በሰከንድ አወረድነው።

2. በፈተናው ዕለት፣ እንደ ስምምነታችን አንድ ኪሎ ሜትር አብሬዎት ሮጬ ወደ ራሴ ፍጥነት ልሄድ ስል፣ እጅጌዬን ጨምድደው «እንዳትተወኝ! ያንተን ለኔ ተወው፤ ፈራሚው እኔ አይደለሁ?» ስላሉኝም አመሰግናለሁ። አመንኩዎት። ትከሻ ለትከሻ በአሥራ ስድስት ደቂቃ ከሃያ ሁለት ሰከንድ ገባን። በዕድሜ ሰንጠረዡ ለአርባ ስድስት ዓመት ሰው አሥራ ስድስት ተኩል ይበቃዋል፤ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ግን አሥራ ሦስት ተኩል ነው። እርስዎ በስምንት ሰከንድ ብልጫ አለፉ፤ እኔ በዚያችው ደቂቃ፣ በዚያችው መስመር ላይ ወደቅኩ። ብቻዬን ስሮጥ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ እንደምገባ የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ ያን ጊዜ ሰዓቱን ይዘው የነበሩት እርስዎ ነዎት።

3. ውጤቴ ላይ «ራሱን ለማሻሻል ጥረት ያላደረገ» ብለው በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍዎ ፈረሙ። ማለፍዎን ባከበሩበት የምሳ ግብዣ ላይ ደግሞ ለድል ያበቃኝ ብለው አማችዎ የላኩልዎን ጫማ አመሰገኑ። ጫማው ጥሩ መሆኑን እመሰክራለሁ፤ ማሰሪያውን የማስርልዎ እኔ ነበርኩ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። እኔ ግን በዚህ ነገር ውስጥ ፈረሱ ስለሆንኩ ተረቱ አይመለከተኝም፤ ፈረሱን ለጣለ ጋላቢ የተተረተ እስካሁን አላገኘሁም።

በውድቀቴ የቀረብኝ የአሰልጣኞች ኮርስ ነው። ኮርሱ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ቤተሰቤ ካለበት ቤት በእግር ይደረሳል። የሦስት ዓመቷ ልጄ አባቷን ስልክ ውስጥ የሚኖር ሰው አድርጋ ነው የምታውቀው። ባለቤቴ ነገሩን ስነግራት «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ስትጎትት ራስህን የት ጣልከው?» አለችኝ። መልሱን ከእርስዎ እጠብቃለሁ፤ እኔ ፈልጌ አጥቼዋለሁ።

የድጋሚ ፈተናው ሐሙስ ነው፤ የኮርሱ ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ድጋሚ እንድፈተን የሚፈቅደው ቅጽ ጠረጴዛዎ ላይ ከተቀመጠ ዘጠኝ ቀኑ ነው። መሮጡን እኔ እሮጣለሁ፤ ከእርስዎ የሚፈለገው ተቀምጠው መፈረም ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የዕድሜ ገደብ የለም።

ከተረከዝዎ ኋላ አራት ወር የኖርኩት፣ አሁንም በአክብሮት ከኋላ የቆምኩት፣
የንብረት ክፍል አስር አለቃ

ግልባጭ፦ ለሚያነብ ሁሉ

ሳልረሳው፦ ሾፌርዎ ለቀጣዩ ፈተና አብሮዎት እንዲሮጥ እንደጠየቁት ነግሮኝ ምክር ፈልጎ ነበር። ስለ እርስዎ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣም። ዕድሜውን ብቻ ጠየቅሁት፤ ሠላሳ አንድ ነው ሲለኝ ሰንጠረዡን ሰጠሁት። እስካሁን እያነበበ ነው።