አሜን ባይ የሌለው ምርቃት

ዓርብ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1978

ነፋስ። ናዝሬት በክረምትም አቧራዋን አታሳርፍም... ጠዋት ከጎረቤቴ ከፋዲላ ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ስኳር የለም አለች፤ ያለው ቀበሌ ሱቅ ነው አሉ።

«ስኳር ከሌለ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እርስዎን እጠብቃለሁ፣ እንዳይሰረቁ።»

«የሚሰርቀኝ ቢገኝ መንገዱን አሳዪው።»

ሳቅን። ከዚያ ቤት ገባሁ። ቀኑን ሙሉ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ሚስቴ ወርቄ በሕይወት ሳለች ዝም በል ትለኝ ነበር። ይኸው ዝም አልኩላት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

የወለንጪቲው ልጅ ኢተፋ መጣ። ከልጅ ልጄ ከጉዲቱ ጋር ፕራግ ነው የሚማረው፤ ለእረፍት ነው። ካሴት ልካልኛለች። በሰው እጅ የመጣ፣ ማንም ያልከፈተው።

ቴፑ አለኝ፣ የባትሪ ድንጋይ የለኝም። ፋዲላ ከሬዲዮዋ አውጥታ ሰጠችኝ። «ዜናው ለዛሬ ይቅርብኝ» አለች።

«አንቺ ዜና ቀርቶብሽ ያውቃል? የሰፈሩን የምታነቢው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

በር ዘግቼ ብቻዬን አደመጥኩ። «አባባ፣ እንዴት ነህ? አሁንም ሰው ታበሽቃለህ?»... ለካ አንድ ድምፅ ቤት ይሞላል።

መንግሥት የላካት የፖስተር ሥዕል እንድትማር ነበር። እዚያ ስትደርስ ልቧ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ላይ አረፈ። አኒሜሽን ይሉታል። ለመመረቂያዋ አንድ ሽማግሌ ትሠራለች። ሽማግሌው ከወንበር ይነሳል፣ በር ይከፍታል፣ ይወጣል። በቃ። «አንዷን እርምጃ ለማስኬድ ሥዕል በሥዕል ላይ ስደርብ ሁለት ቀን ፈጀሁ» አለች። እኔም ከአልጋ እስከ በር እንደዚያው ነኝ፤ ከማን አይታ እንደሳለችው ገባኝ።

ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። ስትመረቅ እዚያው ስቱዲዮ እናስገባሽ ብለዋታል። አገር ከገባች ግን ምደባዋ ታውቋል፤ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ የበዓል ፖስተር መቀባት። እሷ የምትወደው ሥራ እዚህ ቤት የለውም።

«መጀመሪያ ተነስቶ ሲራመድ ሳየው አለቀስኩ፣ አባባ። ይህን ትቼ የምኖር አይመስለኝም። ግን ብቻህን ነህ። ነይ ካልከኝ እመጣለሁ።»

ለምን እኔን ትጠይቀኛለች?

ሐምሌ 9

ነይ እላታለሁ። ምን ያሳፍራል?

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ገበያ በመርዳሳ ጋሪ ሄድኩ። «አካም ቡልተን አባባ?» ብሎ እንዴት አደሩ አለኝ። እንደ ወትሮው ፈረሱ ከሱ ይልቅ የተማረ እንደሚመስል ነገርኩት። እሱም እንደ ወትሮው «ለዚህ ነው እርስዎን ጠልቶ የሚቆመው» አለኝ።

ግን ዓይኔ ከፈረሱ እግር አልነቀል አለ። ካሴቱን ከሰማሁ ወዲህ እንዲህ ሆኛለሁ። የሚሄድ ነገር ሁሉ አፍጥጬ አያለሁ... ዶሮ፣ ሴት በእንስራ፣ ቅጠል።

«ምን ያያሉ? ፈረስ አያውቁም?»

«እግሩን ነው። የትኛውን ቀድሞ ነው የሚያነሳው?»

መርዳሳ አሰበ። «ዕድሜዬን ነድቼው... አላውቅም እኮ።»

ሁለታችንም አጎንብሰን ማየት ጀመርን። ከኋላ የተሳፈረችው ሴትዮ «እናንተ፣ ገደል ልትከቱን ነው?» ብላ ተቆጣች። ናዝሬት ውስጥ ገደል ከየት አመጣች?

ቤት ገብቼ ከወንበር ቀስ ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ እጅ ነው፤ ከዚያ ወገብ። ጉልበት መጨረሻ ነው የሚመጣው፣ እሱም በልመና። ይህን ሁሉ ስታይ ነበር ያቺ ልጅ? እኔ ተኮራምታ የምትጫወት ነበር የሚመስለኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 25

የቀበሌ ስብሰባ። ከውጭ ሳይመለስ የቀረ ልጅ ስሙ ተጠራ። አባቱን አስቆሙት። ላቡ በጆሮው በኩል ሲወርድ አየሁ። የራሽን ካርዱን ያዙበት።

እኔን ቢያስቆሙኝ ምን ልል ነው? ሥዕል እያራመደች ነው?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

ኢተፋ ሐሙስ ይሄዳል። ልቀዳ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ «ነይ» አልኩ። መልሼ ሰማሁት። የቤተ ክርስቲያን በር ላይ እጁን የዘረጋ ሰው ድምፅ ነው... አጠፋሁት። «አትምጪ» አልኩ። ሠራተኛ የሚያባርር አለቃ መሰልኩ። እሱንም አጠፋሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ያኔ ስትሄድ ወርቄ ነበረች። «ሄደሽ ተመለሽ» ብለን መርቀናታል፤ ሰፈሩ ሁሉ አሜን ብሏል። በምርቃት የታሰረ በምርቃት ነው የሚፈታ፤ በወሬ አይሆንም። ስለዚህ ልመርቃት ጀመርኩ። «እጅሽ አይዛል...» አልኩና ቆምኩ።

ማን አሜን ይበል? አሜን ባይ የሌለው ምርቃት ሜዳ ላይ የቀረ ነው። ድምፄን ቀይሬ ራሴ መርቄ ራሴ አሜን አልኩ። ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቁ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ፋዲላንና መርዳሳን ጠራሁ። ቀበሌ ጆሮ የሚደርስ ነገር ለፋዲላ መንገር... ግን ሌላ ማን አለኝ? ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ልትቀር ነው?» አለች ፋዲላ።

«እንድትቀር ልመርቃት ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ የት እሄዳለሁ?»

«እንደሱ አላልኩም።»

ገብቶኛል።

መርዳሳ ኮፍያውን አወለቀ። ቴፑን ከፈትኩ።

«እጅሽ አይዛል።» አሜን አሉ። ፋዲላ እንደ ወሎዎቹ አሚን ነው የምትለው።

«የሳልሽው ይነሳ፤ የተነሳው ይሂድ።» አሜን።

«የደረስሽበት አገር አገርሽ ይሁን።»

መርዳሳ አሜን አለ። ፋዲላ ዝም። ቴፑ ይሽከረከራል። ደገምኩት፣ «አገርሽ ይሁን።» ዝም።

«ምነው ፋዲላ፣ አሜንንም እንደ ስኳሩ የለም ልትይኝ ነው?»

«አ... ሚን» አለች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ።

ለቅሶዋ ካሴቱ ውስጥ ገብቷል። አላጠፋሁትም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

መናኸሪያ ሄጄ ካሴቱን ለኢተፋ ሰጠሁት። «ሌላ የምነግርልዎት አለ?» አለኝ።

«ከወንበር ሲነሳ ጉልበቱ መጨረሻ ነው በላት። እንዳትቸኩል።»

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1979

ከመስከረሙ ተመላሾች ጋር አልመጣችም። ዛሬ በስብሰባው ስሜ ተጠራ። ፋዲላ ለማንም ትንፍሽ አላለችም ነበር፤ ይህን ልመሰክርላት ይገባል።

«ጓድ ነገሪ፣ የልጅ ልጅዎ ለምን አልተመለሰችም?»

ሰዉ ሁሉ አየኝ። አንዳንዱ ለመሳቅ ተዘጋጅቷል፤ ነገሪ ሲነሳ ይሳቃላ። ፈለግሁ፣ ቀልድ አጣሁ።

«የምትወደውን ሥራ እዚያ አገኘች። ቅሪ ያልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ተቀመጥኩ። የራሽን ካርዴን ተረከቡኝ። ሌላውን ወደፊት እናያለን አሉ። ይዩ።

ከዚያ መርዳሳን ጠርቼ አልጋዬን ወደ ጉዲቱ ክፍል አሻገርን። እስከ ዛሬ እንደተወችው ነበር የቆየው፤ በየሳምንቱ አቧራውን እጠርግ ነበር።

«ስትመጣ የት ልትተኛ ነው?» አለ መርዳሳ፣ የአልጋውን ጫፍ እንደያዘ።

«አትመጣም» አልኩት።

ጮክ ብዬ ስለው የመጀመሪያዬ ነው። አልጋውን አዘንብለን በበሩ አስገባነው።

ጠዋት ፀሐይ የምትገባው በዚህ በኩል ነው ትለኝ ነበር። ነገ አየዋለሁ።